«ፒክ አፕ»፦ ስለ ትርጉሙና ስለ ዕለት ተዕለት አጠቃቀሙ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንግሊዝኛ የጀመረ ሰው «ፒክ»ን ቀድሞ ያውቃል፤ መምረጥ ወይም መልቀም ነው። «አፕ»ንም ያውቃል፤ ወደ ላይ ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ግን ስልክ ይነሳል፣ ሰው ከጣቢያ ይወሰዳል፣ ጉንፋን ይይዛል፣ ነፋስ ይበረታል፣ ቋንቋ ይለመዳል። ተማሪ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ከዚህ በታች ያሉት ስለዚህ ግስ አዘውትረው የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። ትርጉሞቹን አንድ በአንድ ከመሸምደድ የሚያገናኛቸውን ነገር መያዝ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። መልሶቹንም የጻፍኩት በዚሁ መንገድ ነው።

መሠረታዊ ትርጉሙ ምንድን ነው?

ማንሳት። እስክሪብቶ ወደቀ፤ ጎንበስ ብላችሁ ብድግ አደረጋችሁት። «ፒክ አፕ» ማለት ይሄው ነው።

እዚህ ድርጊት ውስጥ ግን ሁለት ነገር አለ። እስክሪብቶው ከታች ወደ ላይ ከፍ አለ። ደግሞም መሬት የነበረው እጃችሁ ገባ። ሌሎቹ ትርጉሞች ከሞላ ጎደል ከእነዚህ ከሁለቱ ከአንዱ የወጡ ናቸው። ነፋስ ሲበረታ፣ ሥራ ሲነቃቃ፣ ፍጥነት ሲጨምር ከፍ ማለቱ ነው የተወሰደው። ሰው ከጣቢያ ስትወስዱ፣ ከሱቅ ዕቃ ይዛችሁ ስትመለሱ፣ በሽታ ሲጋባባችሁ፣ ሬዲዮ ጣቢያ ሲይዝ ደግሞ እጅ መግባቱ ነው የተወሰደው። ያልለመዳችሁት ዓረፍተ ነገር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ ከፍ ያለው ምንድን ነው? ወይስ የሆነ ሰው እጅ የገባ ነገር አለ? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ወዲያው ይመጣል።

አንድ ግስ ለምን በሁለት ቃል ይጻፋል?

እንግሊዝኛ እንዲህ ያሉ ግሶች በሽ ናቸው። «ፍሬዛል ቨርብ» ይባላሉ። ይህን ስም እ.ኤ.አ. በ1925 በጽሑፍ ያስተዋወቀው ጸሐፊው ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ ነው። እሱም ስሙን ያቀበለው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የነበረው ሄንሪ ብራድሊ መሆኑን ገልጿል። ችግሩ ግን ከስሙ ይቀድማል። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ፣ የውጭ አገር ሰዎችን እጅግ የሚያስቸግረው ይህ የግስና የትንሽ ቃል ጥምረት እንደሆነ ጽፎ ነበር።

አማርኛ ተናጋሪ ግን ለዚህ ነገር ባዳ አይደለም። «ዝም አለ»፣ «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አደረገ» እንላለን። «ቁጭ አለ» ስንል ሰውየው «ቁጭ» የሚል ቃል ተናገረ ማለታችን አይደለም። ሁለቱ ቃላት ተጣምረው አንድ ሥራ ይሠራሉ። «ፒክ አፕ»ንም እንደዚያው እንደ አንድ ቃል ያዙት። ለየብቻ ከተረጎማችሁት «ወደ ላይ መምረጥ» የሚል ምንም ስሜት የማይሰጥ ነገር ታገኛላችሁ።

ሁልጊዜ «አነሳ» ብዬ ብተረጉመውስ?

ብዙ ርቀት ያስኬዳችኋል፤ እስከ መጨረሻው ግን አያደርሳችሁም። ዕቃ አነሳ፣ ስልክ አነሳ፣ የሚያለቅስ ሕፃን ከአልጋ አነሳ፣ ሹፌሩ መንገድ ላይ ሰው አነሳ። ለእነዚህ ሁሉ «ፒክ አፕ» ልክ ነው።

አደጋው ያለው በተቃራኒው መንገድ ስትሄዱ ነው። የአማርኛው «አነሳ» የራሱ ብዙ ሥራ አለው። ፎቶ እናነሳለን። እንግሊዝኛው ግን «ቴክ» ነው የሚለው። «ፒክ አፕ ኤ ፎቶ» ካላችሁ የሚሰማችሁ ሰው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የታተመ ፎቶ ብድግ ስታደርጉ ነው የሚታየው። ክፍል ውስጥ እጅ ማንሳት «ሬይዝ» ነው። ስብሰባ ላይ ጥያቄ ወይም ጉዳይ ማንሳትም «ሬይዝ» ወይም «ብሪንግ አፕ» ነው። የሰው ስም ማንሳት «ሜንሽን» ነው። እነዚህን በ«ፒክ አፕ» መናገር በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ የሚናገር ሰው የሚታወቅበት ስህተት ነው። ስለዚህ «አነሳ»ን መነሻ አድርጉት እንጂ መመዘኛ አታድርጉት።

«ፒክ ሚ» እና «ፒክ ሚ አፕ» ልዩነት አላቸው?

አዎ፤ ይህ ልዩነት በየቀኑ ያጋጥማል። «ፒክ ሚ» ማለት «ምረጠኝ» ነው። «ፒክ ሚ አፕ» ማለት ደግሞ «መጥተህ ውሰደኝ» ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ሆናችሁ «ፕሊዝ ፒክ ሚ» ብላችሁ ብትጽፉ ወዳጃችሁ ከሁኔታው ይገባው ይሆናል። ዓረፍተ ነገሩ ግን ለአንድ ቡድን ተጫዋች ሲመረጥ «እኔን ምረጡ» የሚል ልጅ ዓይነት ነው። በአንዳንድ የአፍሪካና የእስያ አገሮች እንግሊዝኛ «አፕ»ን ጥሎ «ፒክ ዘ ፎን» ማለት የተለመደ ነው። እዚያው በዚያው መግባባት ይቻላል። ለፈተና፣ ለሥራ ወይም ከሌላ አገር ሰው ጋር ለመነጋገር ግን «አፕ»ን አትጣሏት።

የዚህ ትርጉም ተቃራኒ «ድሮፕ ኦፍ» ነው፤ ወስዶ ማድረስ፣ አድርሶ መመለስ። ልጆችን ጠዋት ትምህርት ቤት ማድረስ «ድሮፕ ኦፍ»፣ ከሰዓት ሄዶ ማምጣት «ፒክ አፕ»። ሁለቱን አብራችሁ ብታጠኗቸው አንዱ ሌላውን ያስታውሳችኋል።

ሰው በሚለው ላይ ሁለት ሌሎች ትርጉሞችም አሉ። ፖሊስ ሰው «ፒክ አፕ» ካደረገ ይዞታል፣ ወስዶታል ማለት ነው። ሌላው ደግሞ የፍቅር ጉዳይ ነው። አንድ ሰው መዝናኛ ቦታ ያገኛትን የማያውቃትን ሴት «ፒክ አፕ» አደረገ ከተባለ፣ በከተማ አነጋገር «ጠበሳት» እንደማለት ነው። ታዲያ «እህቴን ከጣቢያ ፒክ አፕ አደረግኳት» ማለት ያስፈራል? በፍጹም። የት እና ማን የሚለው ከተጠቀሰ ማንም አይሳሳትም። ጥንቃቄ የሚፈልገው እንግዳ ሰው ሲሆን ነው። «ትናንት ማታ አንዲት ልጅ ፒክ አፕ አደረግኩ» ብላችሁ ዝም ካላችሁ፣ ሰሚው ስለ መኪና ጉዞ ላያስብ ይችላል። መድረሻዋን ወይም ምክንያቱን ጨምሩበት።

«ፒክ አፕ ኢት» ለምን ስህተት ይሆናል?

ደንቡ ቀላል ነው፤ እጅ እስኪለምደው ግን ጊዜ ይወስዳል። የሚነሳው ነገር በስሙ ከተጠራ ሁለት ምርጫ አላችሁ። «ፒክ አፕ ዘ ቡክ» ማለት ትችላላችሁ። «ፒክ ዘ ቡክ አፕ» ማለትም ትችላላችሁ። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ትርጉማቸውም አንድ ነው። ነገሩ በተውላጠ ስም ሲጠራ ግን ምርጫ የለም። መሀል መግባት አለበት፦ «ፒክ ኢት አፕ»፣ «ፒክ ሄር አፕ»፣ «ፒክ ዜም አፕ»።

አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ የሚሳሳትበት ምክንያት ግልጽ ይመስለኛል። እኛ «አነሳሁት»፣ «ወሰድኳት»፣ «አመጣኋቸው» ስንል ተውላጠ ስሙ ሁልጊዜ ከግሱ ኋላ ተለጥፎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አእምሯችን መጀመሪያ ግሱን ጨርሶ «ፒክ አፕ» ይላል፤ ከዚያ «ኢት»ን ጫፍ ላይ ይለጥፋል። መድኃኒቱ ደንቡን ደጋግሞ ማንበብ አይደለም። «ፒክ ኢት አፕ»ን እንደ አንድ ድምፅ አድርጎ ጮክ ብሎ መለማመድ ነው። አፍ ሲለምደው ስህተቱ ራሱ ለጆሮ ይጎረብጣል።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። የሚነሳው ነገር ስም ረጅም ከሆነ ግሱን አትለያዩት። «ትናንት ቢሮ ረስቼው የሄድኩትን ጥቁር ቦርሳ» የሚል ረጅም ሐረግ «ፒክ» እና «አፕ» መሀል ከገባ፣ «አፕ» ስትመጣ ሰሚው የዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ረስቶታል።

ስልክ ላይ እንዴት ነው የምንጠቀመው?

ጥሪ መመለስ ነው። «ፒክ አፕ ዘ ፎን» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን «ፎን» የሚለው ቃል ይቀራል፤ «ሺ ዲድንት ፒክ አፕ» ማለት «አላነሳችም» ነው። በአማርኛም «ደወልኩ፣ አላነሳችም» ብለን እንተወው የለ? ተቃራኒው፣ ስልኩን መዝጋት፣ «ሀንግ አፕ» ነው። ለጽሑፍ መልእክት ግን አይሆንም። በር ሲንኳኳም «ፒክ አፕ» አይባልም፤ እዚያ «አንሰር ዘ ዶር» ነው።

ጉንፋን እንዴት «ይነሳል»?

እዚህ ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ ባለቤቱን ይገለባብጡታል። በአማርኛ ጉንፋን እኛን ይይዘናል። ያዥው በሽታው ነው፣ ተያዡ ሰው። በእንግሊዝኛ «አይ ፒክት አፕ ኤ ኮልድ» ሲባል ግን ያዥው ሰውየው ነው። ከሆነ ቦታ፣ ከሆነ ሰው፣ ሳያስበው አንስቶ ይዞት መጣ። ስለዚህ ስትተረጉሙ ባለቤቱን መቀየር አትርሱ፤ «ጉንፋን አነሳሁ» ሳይሆን «ጉንፋን ያዘኝ» ነው። አጠቃቀሙ ለሚተላለፉ በሽታዎች ነው። እንደ ስኳር ወይም ደም ግፊት ላለ ከሰው ወደ ሰው ለማይተላለፍ ሕመም አይሆንም።

ቋንቋ «ፒክ አፕ» ማድረግና «ለርን» ማድረግ አንድ ናቸው?

አይደሉም። የዚህን ግስ ውበት ከሁሉ በላይ የማይበት ቦታ እዚህ ነው።

«ለርን» አስተማሪ፣ መጽሐፍ፣ ጥረት ሊኖረው ይችላል። «ፒክ አፕ» ግን ሳይቀመጡ፣ ሳይመዘገቡ፣ እየኖሩ መያዝ ነው። አማርኛ ለዚህ «ቃረመ» የሚል ቆንጆ ቃል አለው። ሕፃን ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ሁለተኛ ቋንቋ ይቃርማል፤ ማንም አላስተማረውም። ሌላ አገር የሄደ ሰው በሳምንታት ውስጥ ሰላምታ፣ ቁጥርና የአቅጣጫ ቃላት ይለቃቅማል። ይህን በእንግሊዝኛ ስትናገሩ «ፒክ አፕ» ነው ትክክለኛው ግስ።

ለቋንቋ ብቻ አይደለም። የአነጋገር ቃና፣ ልማድ፣ የሥራ ዘዴ፣ መጥፎ ጠባይም ጭምር እንዲሁ ይያዛል። ልጅ ከትልልቆች ስድብ ቢለምድ «ፒክ አፕ» ይባላል። አዲስ ሥራ ለጀመረና ለተጨነቀ ሰው «ዩል ፒክ ኢት አፕ» ሲሉት ማጽናኛ ነው፤ «አትጨነቅ፣ እየሠራህ ትለምደዋለህ» ማለታቸው ነው። ለሥራ ማመልከቻ ስትጽፉ ግን አስቡበት። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁትን ሙያ «ፒክ አፕ አደረግኩ» ካላችሁ እንዲሁ በአጋጣሚ የያዛችሁት ያስመስለዋል።

«ቢዝነስ ኢዝ ፒኪንግ አፕ» ሲባል ማን ምን አነሳ?

ማንም ምንም አላነሳም። ይህ ያ ከፍ የማለት ትርጉም ነው። ተቀዛቅዞ የነበረ ሥራ ነቃ አለ። ግሱ እዚህ ተሳቢ አይፈልግም፤ ባለቤቱ ራሱ ይነሳል። አማርኛም «አነሳ»ን ትቶ ወደ «ተነሳ»፣ «ተነቃቃ»፣ «በረታ» ይሄዳል። ነፋሱ በረታ፣ ሽያጩ ተሻሻለ፣ ጨዋታው ደራ፣ ሕመምተኛው ሰውነቱ መለስ አለ።

አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው «ቀድሞ ዝቅ ብሎ ነበር» የሚል ሐሳብ አለ። ለዚህም ነው መሻሻልን ለመግለጽ የሚመቸው። ትኩሳት ሲጨምር ግን «ፒክ አፕ» አይሉም፤ «ጎ አፕ» ወይም «ራይዝ» ነው። ፍጥነት ሲሆን ደግሞ ተሳቢ ይመጣል፦ «ፒክ አፕ ስፒድ»። ባቡር ከጣቢያ ወጥቶ ቀስ በቀስ ሲፈጥን የሚባለው ነው።

ዕቃ መግዛት ነው ወይስ መውሰድ?

ሁለቱም ይሆናል። «ስትመለስ ባትሪ ፒክ አፕ አድርግ» ከተባላችሁ ገዝታችሁ መምጣት ነው። «ጥቅሉን ከፖስታ ቤት ፒክ አፕ አድርግ» ከሆነ ግን የራሳችሁን ነገር ሄዶ መረከብ ነው። ግሱ ክፍያ መኖር አለመኖሩን አይናገርም። የግዢ ትርጉም ሲኖረው ቀለል ያለ፣ በመንገድ ላይ የሚደረግ ግዢ ነው። ቤት የገዛ ሰው «ፒክ አፕ አደረግኩት» አይልም፤ ካለም በርካሽ ወይም በአጋጣሚ ማግኘቱን ለማሳየት ነው።

ከገንዘብ ጋር የሚሄድ አንድ ሌላ አባባል አለ። «ፒክ አፕ ዘ ቢል» ሂሳቡን መሸፈን ነው። አብረው ለተስተናገዱ ሰዎች አንዱ «እኔ ልሸፍን» ሲል ማለት ነው። ዜና ላይም «የጉዳቱን ወጪ መንግሥት ፒክ አፕ አደረገ» በሚል መልክ ይመጣል።

ያቋረጡትን መቀጠልስ?

ተቀምጦ የነበረን ነገር ዳግም እጅ ማስገባት ነው። «ሌትስ ፒክ አፕ ዌር ዊ ሌፍት ኦፍ» ማለት «ካቆምንበት እንቀጥል» ነው። አስተማሪ፣ ስብሰባ መሪ፣ ለረጅም ጊዜ ያልተገናኙ ጓደኞች ሁሉ ይሉታል። እንደ ሐረግ ሙሉውን ያዙት፤ በጣም ይጠቅማል።

«ፒክ ዩርሰልፍ አፕ» ደግሞ ወድቆ መነሳት ነው፤ በአካልም በመንፈስም። «ፒክ አፕ ዘ ፒስስ» ከኪሳራ፣ ከፍቺ፣ ከሐዘን በኋላ የተበታተነን ኑሮ መልሶ መሰብሰብ ነው። ይህኛው ክብደት ያለው አባባል ስለሆነ ለትንሽ ነገር አይወጣም።

መደበኛ ጽሑፍ ላይ ልጠቀምበት?

ስድብ ወይም የጎዳና ቃል አይደለም። ጋዜጣ ይጠቀምበታል፣ የኢኮኖሚ ዘገባም ይጠቀምበታል። ግን የጥናት ወረቀት ወይም ሕጋዊ ደብዳቤ ከሆነ እንደ ትርጉሙ ቀይሩት። ዕቃ መረከብ «ኮሌክት» ይሆናል፣ ሽያጭ መሻሻል «ኢምፕሩቭ»፣ በሽታ መያዝ «ኮንትራክት»፣ ሥራ መቀጠል «ሪዙም»። ብሪታንያ ውስጥ ሰውን ከጣቢያ ለመውሰድም «ኮሌክት» በተራ ንግግር ይሰማል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ «ፒክ አፕ ዩር ሩም» የሚል አለ፤ «ክፍልህን አስተካክል» ነው። ወለል ላይ የተበተነውን ለቃቅሞ ቦታ ቦታው ማስያዝ።

ፒካፕ መኪና ከዚህ ግስ ጋር ይገናኛል?

ይገናኛል። ከኋላ ክፍት የጭነት ቦታ ያላት መኪና ዕቃ የምታነሳ ናት። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1925 በሞዴል ቲ መኪናው ላይ «ፒካፕ ቦዲ» የሚል ስም የሰጠውን የጭነት አካል ከፋብሪካ ገጥሞ ለሽያጭ አቅርቧል። የኤሌክትሪክ ጊታር ላይ የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍልም ፒካፕ ይባላል፤ ድምፁን ስለሚይዝ ነው።

ለጽሑፍ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ስም ሲሆን ተያይዞ ወይም በጭረት ይጻፋል፤ ግስ ሲሆን ሁልጊዜ ሁለት ቃል ነው። መልእክት ላይ «አያይዤ ልጻፈው» ብላችሁ ግሱን አንድ ቃል አታድርጉት። ንግግር ላይም ይለያያሉ። ስሙ ሲነገር «ፒክ» ጎላ ብላ ትነገራለች፤ ግሱ ሲነገር ብዙ ጊዜ «አፕ» ጎላ ትላለች።

«ፒክ አውት»፣ «ፒክ ኦን»፣ «ፒክ አፕ ኦን» ይምታቱብኛል። እንዴት ልለያቸው?

«ፒክ አውት» ከብዙ መሀል ለይቶ ማውጣት ነው። «ፒክ ኦን» አንድን ሰው ለይቶ ማጥቃት፣ ማስቸገር ነው፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ትልልቆቹ ትንሹን ልጅ ሲያሰቃዩት።

«ፒክ አፕ ኦን» ግን ጠለቅ ያለ ነው። በግልጽ ያልተነገረን ነገር ማስተዋል ነው። ጓደኛችሁ «ደህና ነኝ» አለች፤ ድምጿ ግን ሌላ ነበር። እናንተ ያንን ልብ ካላችሁ «ፒክ አፕ ኦን» አደረጋችሁ። ሦስቱ ቃላት አይለያዩም፤ ተውላጠ ስሙም መጨረሻ ላይ ይመጣል፦ «ፒክ አፕ ኦን ኢት»። እዚህ ላይ የለመድነው የአማርኛ ቅደም ተከተል ይሠራል።

ሲናገሩት ለምን አይሰማኝም?

ስለሚያያዝ ነው። «ፒክ» እና «አፕ» ተለያይተው አይወጡም፤ «ፒካፕ» ነው የሚሰማው። ኃላፊ ጊዜው ሲጻፍ መጨረሻው «ድ» ቢሆንም ሲነገር «ት» ነው፤ ከ«አፕ» ጋር ሲገናኝ «ፒክታፕ» ይሆናል። «ፒክ ኢት አፕ» ደግሞ ከአሜሪካኖች አፍ «ፒኪዳፕ» የሚመስል አንድ ቃል ሆኖ ይወጣል። ኃላፊ ጊዜው ከተጨመረበት «ፒክቲዳፕ»። እነዚህን አራት ድምፆች ለየብቻ ጮክ ብላችሁ በሏቸው። ከዚያ አንድ የእንግሊዝኛ ንግግር ክፈቱና አዳምጡ። አፋችሁ የሚያውቀውን ጆሯችሁ በቀላሉ ይለየዋል።